ሳሩን ከልክለው ክዳኑን ሊቀርጹ

ገደል ራስ የምትባል ቀበሌ ሄዳችሁ አታውቁም፤ ወደፊትም አትሄዱም። እኔም ሰርግ ቀራጭ ባልሆን ኖሮ ከሳንጃ ተነሥቼ እዚያ ብርድ ውስጥ የምገባበት ምክንያት አልነበረኝም። ግን ስለ ገደል ራስ የተሠራ ፊልም ኢንተርኔት ላይ አለ፤ ማንም ከፍቶ በነጻ ያየዋል። የቀረጽኩት እኔ ነኝ። ፊልሙ የሚለው ሌላ፣ እኔ ያየሁት ሌላ ስለሆነ ያየሁትን እጽፋለሁ። ደስ ያላለው ፊልሙን ይይ።

እሑድ፤ ከሳንጃ ጎንደር

ሥራው የመጣልኝ በሰርግ በኩል ነው። ሳንጃ ላይ አንዲት ሙሽራ ቀረጽኩ፤ አጎቷ ዶክተር አንተነህ የዩኒቨርሲቲ መምህር ኖሯል። የየትኛው እንደሆነ ይቅር። ሙሽራዋ ከእናቷ ስትለያይ ያነሣሁትን ወዶት ደወለልኝ። የእሱ ዩኒቨርሲቲ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ተጣምሮ አንድ ፕሮጀክት ይዟል፤ ፕሮጀክቱ ሦስት ዘርፍ አለው፦ ክፍት ትምህርት፣ ቅርስ፣ አካባቢ። ክፍት ትምህርት ማለት ማንም ሳይከፍልና ሳይመዘገብ በስልኩ የሚማረው ነው። ዶክተሩ የቅርሱ ዘርፍ ኃላፊ ነው። በደጋው አንድ የሳር ክዳን ያለው ቤተ ክርስቲያን ክዳኑ ሊታደስ ስለሆነ፣ ያ ተቀርጾ ለዓለም ትምህርት ይሆናል አለኝ።

«የእናንተ ካሜራስ?» አልኩት።

«ጥገና ላይ ነው።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሳቀ። መልሱ እሱ ነው።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አልመጣልኝም፤ አላለቀስኩም፤ ካሜራ ገዛሁ። ሆኖም ዩኒቨርሲቲ ሲጠራኝ ትንሽ ኩራት ብጤ ተሰማኝ፤ አልዋሽም። እስከ ረቡዕ ቆየልኝ።

ሳንጃ በግንቦት እሳት ናት። አልጋችንን ግቢ አውጥተን ነው የምናድረው። ቤት ማለት ለእኛ ሰሊጥና ሣጥን የሚቀመጥበት ነው፤ ጣራችን ሰማዩ ነው። እናቴ «ጋቢ ያዥ» ስትለኝ ስቄባት ወጣሁ። ይቺን ሳቅ በኋላ ከፍየባታለሁ።

ሚኒባሱ ሙሴ ባምብ ሲደርስ ጎማው ፈነዳ። ረዳቱ «ትርፍ ጎማ አለን» አለ። እውነትም አለ፤ እሱም የፈነዳ ነበር። ሹፌሩ ጎማ ፍለጋ ሲሄድ እኛ ጥላ ፍለጋ ሄድን። አጠገቤ ፍየል ይዘው የተሳፈሩ ሴትዮ የያዙትን ዳቦ ቆርሰው ለእኔም ለፍየሏም እኩል ሰጡን። ትክል ድንጋይን አልፈን ንፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ክንዴን ማሻሸት ጀመርኩ፤ ፍየሏ እንኳ ታዘበችኝ።

ጎንደር ያደርኩት ቁስቋም አክስቴ ቤት ነው።

«ምነው ልጄ፣ ከሳሽ?» አለችኝ ገና በሩ ላይ።

«ኧረ ወፍሬአለሁ አክስቴ።»

«እንግዲያ ምነው ጠቆርሽ?»

የጎንደር ሰው ቆለኛን የሚቀበለው እንዲህ ነው። አክስቴ ከምንትዋብ ግንብ አጠገብ ዕድሜዋን ሙሉ ኖራለች፤ አንድ ቀን ገብታ አላየችውም። «ምን አለበት? የፈረሰ ቤት ነው። የፈረሰ ቤት እኔም አለኝ» ትላለች።

ሰኞ፤ ስብሰባ

ጠዋት የሆቴል አዳራሽ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ውሃ፣ እስክሪብቶና ከረሜላ ተደርድሯል። ሳንጃ ላይ ሰርግ እንኳ እንዲህ አይደረደርም፤ እኛ ዘንድ ሰው ሲሰበሰብ ወይ ለመብላት ወይ ለመጣላት ነው። እነዚህ ግን «ዘላቂነት»፣ «አሳታፊነት»፣ «የጋራ ባለቤትነት» ይባባላሉ፤ አንዱ የተናገረውን ሌላው «ለማጠናከር ያህል» ብሎ ይደግመዋል። ቀኑ እንደዚያ አለቀ። ምሳው ግን ሸጋ ነበር። ሁለት ጊዜ አነሣሁ።

ከምሳ በፊት የአካባቢ ዘርፍ ኃላፊው ዶክተር ታፈሰ ተነሥቶ ፎቶ አሳየ፦ አምና ታጭዶና ተግጦ የተራቆተ ተራራ፣ ቀጥሎ ያው ተራራ በጓሳ ተሸፍኖ። ጓሳ የደጋ ሳር ነው፤ ቀጭን፣ ጠንካራ፣ ሰው ወገብ የሚደርስ። ተራራውን ከልለው፣ ጠባቂ ቀጥረው፣ ማጨድም ማሰማራትም ከልክለው ነው ያዳኑት። ተጨበጨበ። ከምሳ በኋላ ዶክተር አንተነህ ተነሣና በጓሳ የተከደነ ክብ ቤተ ክርስቲያን አሳየ፤ የክዳኑ ጥበብ እንዳይጠፋ እንደሚቀርጹ ተናገረ። ተጨበጨበ። እኔም ለሁለቱም አጨበጨብኩ። ሁለቱ ፎቶ አንድ ተራራ መሆኑ አልገባኝም። ለሁለቱ ዶክተሮችም አልገባቸውም፤ የተቀመጡት የተለያየ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

ከውጭ የመጣች አንዲት ሽበታም ፕሮፌሰር ነበረች፤ የክፍት ትምህርቱ የእነሱ ነው። ቀኑን ሙሉ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ውላ መጨረሻ ላይ አንድ ነገር ጠየቀች፤ ተረጎሙልን።

«ከመካከላችን የገደል ራስ ሰው የትኛው ነው?»

አዳራሹ ከረሜላ መላጥ አቆመ።

«በወረዳው በኩል ተወክለዋል» አለ ዶክተር አንተነህ። ወረዳው ራሱ አልመጣም ነበር።

ማክሰኞ፤ ወደ ደባርቅ

በፕሮጀክቱ ማኪና ተነሣን፦ ዶክተሩ፣ ፕሮፌሰሯ፣ ሹፌሩ ደሴና እኔ። በማኪናው በር ላይ መጽሐፍ የተዘረጋበት ዛፍ ተሥሏል፤ የፕሮጀክቱ ምልክት ነው። ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስን፣ ዳባትን አለፍን። ደሴ ወሬኛ ነው፤ ዶክተሩ እንቅልፋም ነው፤ ፕሮፌሰሯ ባየችው ሁሉ «ይቁም» ባይ ናት። አንድ ቦታ ለድንች አበባ ቆምን። ባለማሳው ሰውዬ እየሮጠ መጥቶ «ምን ሆነብኝ?» አለ፤ ፈረንጅ ድንቹን ትኩር ብላ ስታይ በሽታ መሰለው። ደሴ «አበባው አምሯት ነው አያ» ቢለው ጊዜ ማሳውን ዞሮ አየ፤ ከዚያ እኛን አየ። ማን እብድ እንደሆነ ወሰነና ተመለሰ።

ደባርቅ ስንደርስ ጥርሴ ይንቀጫቀጭ ነበር። የሆቴሉ ባለቤት ሴትዮ ገና ስታየኝ «የቆላ ልጅ ነሽ፤ አረማመድሽ ያስታውቃል። መሬቱ የሚነክስሽ ነው የሚመስል» አለችኝና የራሷን ጋቢ ከትከሻዋ አውርዳ አለበሰችኝ። ስመለስ ልመልስላት ብል አልተቀበለችኝም። እናቴ ስትሰማ «የኔን ነው እንቢ ያልሽው?» ብላ አኮረፈች።

ረቡዕ፤ ገደል ራስ

ማኪናው መንገዱ ካለቀበት ቆመ፤ ዳገቱን በእግር ወጣን። አናቱ ላይ ሰሌዳ ተተክሏል። ዛፍና መጽሐፍ፣ የእኛው ምልክት፤ ከሥሩ «ጥብቅ ቦታ፤ ማጨድና ማሰማራት ክልክል ነው» ይላል። ከሰሌዳው ወዲያ ጓሳው በንፋስ ይተኛል፣ ይነሣል። ዝናብ ያልነካው፣ ለማጭድ የደረሰ። ፕሮፌሰሯ ደስ ብሏት ዳበሰችው።

ጥቂት እንደሄድን ከጽዶች መካከል ቤተ ክርስቲያኑ ታየ። ገደል ራስ ሚካኤል። ክዳን የለውም! አንድም ሳር አልቀረበትም። ወጋግራው ተገጣጥሞ ቆሟል፤ በመካከሉ ሰማይ ይታያል። አሮጌው ክዳን ዱቄት ሆኖ ከዛፎቹ ሥር ተከምሯል። በቅጥሩ ዙሪያ የአገሩ ሰው ማጭድና ገመድ ይዞ ተቀምጧል፤ ሴቶቹ ጠላ በጋን አምጥተዋል። እኛን ሲያዩ ብድግ አሉ፤ እልል ተባለልን።

ቄሰ ገበዙ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ኃላፊ፣ መስቀል አሳለሙንና ወደ ዶክተሩ ዞሩ።

«እንኳን ደኅና መጣችሁ። በየት በኩል እንጀምር?»

«ምኑን አባ?»

«አጨዳውን ነዋ!»

«እኛ እኮ ክዳኑን ልንቀርጽ ነው የመጣን።»

«አዎ ለክዳኑ። ሳሩን ስጡንና እንክደን።»

የሆነው ይኸው ነው። በገደል ራስ ለደቦ ተነግሮት «እመጣለሁ» ያለ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም። ማጭድ ያለው ማጭድ፣ ገመድ ያለው ገመድ፣ ጋን ያላት ጠላ ይዛ፤ ሳር ያለው ደግሞ ሳሩን። ሳሩ የማን ነው? ሰሌዳው ላይ ተጽፏል። «ዩኒቨርሲቲው በክዳኑ ቀን ይገኛል» የሚል መልእክት በቀበሌው በኩል ሲደርሳቸው፣ ባለሳሩ ሳሩን ይዞ መጣ ብለው ተቀበሉ። እንግዳ እንዳይጉላላ ደግሞ አሮጌውን ክዳን ቀድመው አወረዱ፤ ደንቡ ነው። ታቦቱን ወደ ዕቃ ቤት አዛወሩና ጠበቁን።

እኛ ካሜራ ይዘን ደረስን።

መቅደሱን ከቅጥሩ በር አየሁት። ግድግዳው ላይ ሚካኤል ሰይፉን መዝዞ ቆሟል፤ አያቶቻቸው በጭቃው ላይ ጨርቅ ለጥፈው ያሣሉት ነው። አንድ ጥሩ ዝናብ ቢጥል ሚካኤልም ሰይፉም ጭቃ ናቸው። ሰማዩ ደግሞ በስተምዕራብ እየጠቆረ ነው።

«ዶክተር፣ ይደውሉላቸዋ!» አልኩ።

«ለማን?»

«ለዶክተር ታፈሰ። ሳሩ የእነሱ ነው። አንድ ቀን ይጨዱ ይበል።»

«የእኔ ዘርፍ አይደለም። በደብዳቤ ነው የሚጠየቅ፤ ከዚያ ኮሚቴው ያየዋል።»

ትንሽ ቆይቶ ግን ስልኩን አውጥቶ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጣ። ሕዝቡ በሙሉ አንጋጦ አየው። ሲያወራ እጁን ሲያወናጭፍ «እየተከራከረልን ነው» አሉ። አንዲት ሴት ስለት ተሳለች። ወረደና ለፕሮፌሰሯ ነገራት፤ ደሴ በጆሮዬ ተረጎመልኝ። ደባርቅ ሙቅ ውሃ ያለው ክፍል አስይዟል።

እነሱ ወደ ሙቅ ውሃቸው ወረዱ። እኔ የጠዋቱን ብርሃን እንድቀርጽ እዚያው እንዳድር ተወሰነ። የትኛውን ክዳን እንደምቀርጽ አልተነገረኝም።

ያስጠጉኝ አያ ሞላና ሚስቱ እትዬ ዘውዴ ናቸው። አያ ሞላ የጓሳው ጠባቂ ነው፤ ዛፍና መጽሐፍ ያለበት አረንጓዴ ጃኬት ለብሷል፤ ደመወዙ ከፕሮጀክቱ ነው። ቤታቸው ክብ ሆኖ በአንድ ወገን ከብቶቹ፣ በሌላው ሰዎቹ ናቸው። ክዳኑ አምና፣ ሰሌዳው ሳይተከል የተከደነ ስለሆነ ገና ወርቅ ይመስላል። እትዬ ዘውዴ የገብስ ቂጣና የተቀቀለ ድንች በአዋዜ አቀረበች፤ አጎዛ አነጠፈች፤ ባና ደረበችልኝ። ባናው የበግ ሽታ አለው። ሳንጃ ብሆን እወረውረው ነበር፤ እዚያ ግን አፍንጫዬ ድረስ ሳብኩት።

«ሳንጃ ሰው ቤት ውስጥ አይተኛም ይላሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

«በበጋ ውጭ ነው የምንተኛ።»

«እንግዲያስ ቤቱን ለምን ትሠሩታላችሁ?»

ያን ዕለት ውጭ ባድር ኖሮ ጠዋት የሚለቅሙኝ በማንኪያ ነበር። ጣራ ምን እንደሆነ የገባኝ እዚያ ነው።

አያ ሞላ እሳቱን ብቻ ይቆሰቁሳል።

«ጃኬት ከለበሰ ወዲህ ወሬ ክልክል ሆኖበታል» አለች እትዬ ዘውዴ። «ሰሌዳውን ግንባሩ ላይ የተከሉበት ነው የሚመስለው።»

«ተይኝ እስቲ አንቺ ሰው።»

«ጎረቤት ሁሉ እኮ አንተን ነው የሚያይ። ዞር በልላቸው፤ እነሱ ያጭዱ፤ አላየሁም በል።»

«ጠብቅ አሉኝ፤ እሺ አልኩ። እሺ ያልኩትን እንዴት አላየሁም እላለሁ?»

«ሚካኤልንስ?»

«እሱንም እሺ ብየዋለሁ።» ጭራሮውን ወደ እሳቱ ገፋ። «ሁለት እሺ አንድ ራስ ላይ ወጣ፤ ምን ላድርግ?»

ሐሙስ፤ የክዳኑ ቀን

የቀሰቀሰኝ ዓይኔ ውስጥ የገባ አቧራ ነው። ቀና ስል ጣራው ላይ ቀዳዳ አለ፤ በቀዳዳው ብርሃን፣ በብርሃኑ ውስጥ የአያ ሞላ እግር።

«ኧረ ሰውዬ! ልጅቱ ከሥር አለች!» ብላ እትዬ ዘውዴ ከደጅ ጮኸች።

«ትነሣ። ፀሐይ ወጥቷል።»

ካሜራዬን አቅፌ ወጣሁ። አያ ሞላ ጃኬቱን አውልቆ፣ የቤቱን ክዳን ማሠሪያ በማጭድ እየበጠሰ ጓሳውን በነዶ በነዶ ይወረውራል። እትዬ ዘውዴ እጇን ራሷ ላይ ጭና ቆማለች። ታለቅስ ይሆን ብዬ ስፈራ ምን አለች?

«በከብቶቹ በኩል እንዳትነካ! የበሬውን ሳል ታውቃለህ!»

«በእኛ በኩል ነው የምነቅል።»

«እንደሱ በል!» አለችና የወደቀውን ነዶ ማሰር ጀመረች።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አያ ሞላ ከላይ ሆኖ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። «ሳሩ አደራ ነው፤ አልነካም። ቤቱ የኔ ነው።» ስብከት አልጨመረበትም። ከዚያ አንዱ ጎረቤት ምራቁን እንትፍ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ጣራው ላይ ወጣ። ሌላው ተከተለ። አምና ቤቱን የከደነ ሁሉ ከክዳኑ አንድ አንድ ሸክም አወረደ። አያ ፈረደ የሚባሉ ሽማግሌ ጭስ ካጠቆረው ጣራቸው የነቀሉትን ይዘው ሲመጡ ወጣቶቹ ከበር መለሷቸው።

«አያ፣ የእርስዎ ሳር ሚካኤል ላይ ቢወጣ እኮ ሚካኤል ያነጥሳል!»

«የናንተ አባቶች ከሥሩ ሲጠጡ አላነጠሱም!» ብለው ተቆጡና ገመድ ይዘው ተመለሱ።

ቄሰ ገበዙ የመጣውን ነዶ ሁሉ ጠበል እየረጩ አስገቡ፤ ሰው የኖረበት ሳር ነውና።

እኔ ከላይ ልቅረጽ ብዬ መሰላሉን ስይዝ ከለከሉኝ። «ሴት ከመቅደስ ጣራ አትወጣም ልጄ።» ካሜራውን ለደሴ ሰጠሁት፤ ያን ጊዜ እሱ ማኪናውን ከዳገቱ ሥር አቁሞ፣ እነ ዶክተሩን ቀድሞ ወጥቶ ነበር። ወጥቶ የቀረጸው የራሱን ጉልበት ነው፤ በኋላ አይቼ ልሞት ነበር። ተናድጄ አንዱን ጽድ መውጣት ጀመርኩ። አንድ ዲያቆን «አባ፣ ዛፍ ላይ ወጣች!» ብሎ ከሰሰኝ። ቄሰ ገበዙ ቀና ብለው አዩኝ። «ስለ ዛፍ የተባለ ነገር አላነበብኩም» አሉና ሥራቸውን ቀጠሉ። ፊልሙ ላይ ከላይ የሚታየው ሁሉ ከዚያ ጽድ የተነሣ ነው።

ዶክተሩ ቁርሱን በልቶ ሲደርስ ሥራው ከተጋመሰ ቆይቷል። ከመንደሩ ሰው ነዶ ተሸክሞ ሲተም አይቶ ፊቱ በራ።

«ይኼን ቀረጽሽው? ከየቤቱ ሲነቅሉ ቀረጽሽ? ወርቅ ነው እኮ!»

ፕሮፌሰሯ የተገለጡትን ቤቶች አይታ አንድ ነገር ጠየቀችው፤ እሱ ረጅም መልስ ሰጣት። ከመልሱ ውስጥ «ካልቸር» የምትለዋን ቃል ያዝኳት። ሴትዮዋ ወደ እኔ አየች። ራሴን ነቀነቅኩ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬን ከዛፉ ላይ ወረወርኩላት፦ «ኖ ካልቸር! ኖ ግራስ!» በእጄም ሰሌዳውን አሳየኋት።

ገባት። ዶክተሩን አንድ ሁለት ነገር ተናገረችው፤ ጆሮው ቀላ። ከዚያ ማስታወሻ ደብተሯን ለደሴ ሰጥታ ከሴቶቹ ጋር ነዶ መሸከም ጀመረች። ሽበቷ በጥላሸት ጠቆረ። ሴቶቹ «ቀስ በይ እናትዋ፣ ትወድቂያለሽ» ይሏታል፤ እሷ አንዱንም አትሰማም፣ ትስቃለች። ከዚያ ሁሉ ስብሰባ የወጣ አንድ ጠቃሚ ነገር ቢኖር እነዚያ ነዶዎች ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ደመናው ደረሰ። ከላይ ያሉት «አምጣ! አምጣ!» ይላሉ፤ ከታች ያለው ይወረውራል፤ የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ የጉልላቱን ዙሪያ እያሰሩ ነበር። የመጨረሻውን የቋጠረው አያ ሞላ ነው። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ ልጆች ይጨፍራሉ፤ እዚያ በረዶ ቀላቅሎ ፊት ይደበድባል። ሕዝቡ በቤተ ክርስቲያኑ ክፈፍ ሥር ተጠግቶ ወደ ላይ ያዳምጣል። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ግድግዳው ላይ ያለው ሚካኤል ደርቆ ቆሟል።

ቤት ስንመለስ እኔ የተኛሁበት መደብ ኩሬ ሆኗል፤ ምድጃው ጠፍቷል። እትዬ ዘውዴ አጎዛውን አንሥታ ጨመቀችውና ሳቀች። «በይ የሳንጃዋ፤ ውጭ መተኛት ለምደሻል!» ሦስታችንም ከከብቶቹ ጋር ተጠጋን።

አርብ፤ ኮሪደሩ

ጠዋት ወርደን ቢሮ ሳይዘጋ ጎንደር ገባን። ፕሮጀክቱ በተከራየው ፎቅ ላይ ዶክተር አንተነህ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ በመንገድ የጻፈውን አነበበልኝ። ፊልሙ ላይ የሚነበበው ነው።

«የገደል ራስ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የቤቱን ክዳን ነቅሎ ቤተ ክርስቲያኑን የመክደን ድንቅ ባህል...»

«ከጥንት ጀምሮ?» አልኩት። «ከትናንት ጀምሮ ነው እንጂ!»

«አንቺ ቀራጭ ነሽ እንጂ ተመራማሪ አይደለሽም።»

«ልክ ነዎት። ቀራጭ ስለሆንኩ ሚሞሪው በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። የአያ ሞላን ቤት መልሶ የሚከድን ሳር ሳይፈቀድ አይወጣም።»

«ነገርኩሽ እኮ! የእኔ ዘርፍ አይደለም!»

«ዶክተር ታፈሰ የት ነው ያለው?»

ዓይኑን ወደ በሩ አደረገ። እዚያው ኮሪደር ላይ ኖሯል፤ ከሽንት ቤቱ ቀጥሎ።

ሄጄ አንኳኳሁ። ዶክተር ታፈሰ ሻይ ቀርቦለታል። ነገርኩት። ክዳኑ ወርዶ እንደነበር፣ ቤቶቹ እንደተገለጡ ሲሰማ እውነትም ደነገጠ።

«ቤተ ክርስቲያን? የትኛው ቤተ ክርስቲያን?»

«በእርስዎ ፎቶ ከጓሳው ጀርባ የሚታየው።»

«ለክዳን ነው ቢሉን እኮ እናስጭዳቸው ነበር! ማን ጠየቀን?»

«ማጭድ ይዘው ሊጠይቋችሁ ቆመው ነበር። በእናንተ ፈንታ የደረስነው እኛ ነን።»

ስልኩን አነሣ፤ የቀበሌውን ሊቀመንበር አገኘ። «ለቤት ክዳን የሚሆናቸውን ይጨዱ፤ ሞላ ያስጭዳቸው፤ አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩ።» አለቀ። ሻዩ ገና ይተን ነበር። አንተነህ በሩ ላይ ቆሞ «በደብዳቤ መሆን ነበረበት» ይላል። ይኼን ሁሉ መንገድ ወጥተን ወርደን፣ ሰው ቤቱን አፍርሶ፣ ነገሩ የተቋጨው ሁለት በሮች መካከል ነው።

ሚሞሪውን ለአንተነህ ሰጠሁት። ጽሑፉን ሊያስተካክል ቃል ገባልኝ።

ሳንጃ ከገባሁ በኋላ ፊልሙ ወጣ። ከፍቼ አየሁት። ቀረጻው ያምራል። «ከጥንት ጀምሮ» ይላል።

ዶክተሩ ጋ ደወልኩ፤ አያነሣም። ገደል ራስ ጋ ደወልኩ፤ በስንት ሙከራ እትዬ ዘውዴ ጉብታው ላይ ወጥታ ተገኘች።

«እትዬ፣ ሳሩ ተፈቀደ?»

«ተፈቀደ ልጄ፣ ተፈቀደ። ዝናቡም አብሮ ተፈቀደ! እርጥብ ጓሳ ቢከድኑት ይሻግታል፤ ከመስቀል ወዲያ ነው እንግዲህ።»

«እስከዚያስ?»

«ከከብቶቹ ጋር ነን። በሬው ሞላን ለምዶታል፤ እኔን ገና ነው።» ሳቋ በንፋሱ ተቆራረጠ። «ስሚ ደግሞ፣ ሌሎች መጡልሽ። ያንቺን ፊልም አይተው ነው አሉ፤ ካሜራ ይዘዋል። ‹ክዳን የምትነቅሉበትን ባህል እንድታሳዩን ነው፤ እስቲ አንዱ ቤት ይነቀል› ይሉናል።»

«አያ ሞላ ምን አላቸው?»

«‹ሸጋ› አላቸው። ‹በእኛ ባህል ግን የሚጀምር እንግዳ ነው። የማኪናችሁን ጣራ ንቀሉና እንከተላችኋለን።›»

«ነቀሉ?»

«ምን ይነቅላሉ! ዝናቡ ሲጀምር ከማኪናቸው ጣራ ሥር ሊገቡ ሮጡ።»